ገዳዩ ታውቆ ዳኛ የጠፋበት ወንጀል፦ የአጼ ኢዮአስ ደም

በግንቦት ወር 1761 ዓ.ም. የጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት አጼ ኢዮአስ ታንቀው ተገደሉ። በልጅነታቸው ነግሠው 14 ዓመት በዙፋን ላይ ቆይተዋል። ያስገደሏቸው የውጭ ጠላት አይደለም። በእናታቸው በውቢት ዘመዶችና በአያታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ወገኖች መካከል የተነሳውን ሽኩቻ ያበርዳሉ ተብለው ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ራስ ሚካኤል የዳሞቱን ፋሲልን አዘዞ ላይ ሲወጉ፣ ንጉሡ በስውር ከፋሲል ጋር መሆናቸውን አመኑ። ከንጉሡ ሰዎች መካከል ጥይት እንደተተኮሰባቸውም ይነገራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኢዮአስ በሕይወት አልነበሩም።

ሟች አለ፣ ገዳይ አለ፣ ምክንያት አለ። ለወንጀል ልብወለድ ታዲያ ምን ጎደለ?

እውነተኛ ግድያን ወደ ልብወለድ መለወጥ የቆየ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ኒው ዮርክ አጠገብ ወንዝ ውስጥ ሞታ የተገኘችን ወጣት ታሪክ ወደ ፓሪስ አዛውሮ ጻፈ። መርማሪው እንቆቅልሹን ይፈታል ብሎ ጀመረ፣ ዳሩ ግን ታሪኩ ታትሞ ሳያልቅ ሌላ መረጃ ብቅ ስላለ በኋላ እየነካካ ማስተካከል ግድ ሆነበት። ስኮትላንዳዊቷ ጆሴፊን ቴይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ሌላ መንገድ ያዘች። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ ፖሊስ፣ የወንድሙን ልጆች አስገድሏል የሚባለውን የንጉሥ ሪቻርድ 3ኛን ጉዳይ ከአልጋው ሳይነሳ ይመረምራል። የመርማሪው ጥያቄ «ማን ገደለ?» ብቻ አይደለም፤ «ይህን ማን ነገረን? ሲነግረን የት ነበረ? ማንስ ጠቀመው?» ይላል። የመጽሐፉ ርዕስ እውነት የጊዜ ልጅ ናት ከሚል አባባል የተወሰደ ነው። የእኛም ሰው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል።

የቴይን ዘዴ ጎንደር ላይ የሚሞክር ደራሲ መጀመሪያ የሚያገኘው ጄምስ ብሩስን ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከተገደሉ ዘጠኝ ወር ገደማ አልፎ ነበር። ያረፈው ቁስቋም፣ በሟች አያት በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ነው። ያከማቸው የፈንጣጣ ሕሙማን መካከል የወይዘሮ አስቴር ልጆች ይገኙበታል። ወይዘሮ አስቴር የምንትዋብ ልጅ፣ የሟች አክስት፣ የራስ ሚካኤልም ሚስት ናቸው። ምስክሩ የሟችንም የገዳይንም ቤት እንጀራ በልቷል ማለት ነው። መጽሐፉን ያሳተመው ግድያው ከተፈጸመ 21 ዓመት ቆይቶ ነው። ይህ ሁሉ ብሩስን ውሸታም አያደርገውም። ግን ማንኛውም መርማሪ ቃሉን ሲቀበል ቆም ብሎ ያስባል።

የጎንደር ዋና ምስጢር ግን ምስክሩ ዘንድ አይደለም። የወንጀል ልብወለድ አንድ ነገር ሳይናገር ታሳቢ ያደርጋል፦ ገዳዩ ከታወቀ የሚዳኘው ከእሱ በላይ የሆነ አካል አለ። ጎንደር ይህን በአንድ ወቅት አይታለች። በ1699 ዓ.ም. ታላቁ አጼ ኢያሱ ጣና ላይ ሲገደሉ፣ ትእዛዙ የልጃቸው የአጼ ተክለ ሃይማኖት፣ እጁም የእናቱ የመለኮታዊት ወንድሞች ነበር። ልጅየውም በ1700 ዓ.ም. ተወግቶ ሞተ። ከዚያ የነገሡት የኢያሱ ወንድም አጼ ቴዎፍሎስ ለጊዜው ዝም ብለው ቆዩና መለኮታዊትን በስቅላት፣ ወንድሞቿንም በጦር አስገደሉ። ፍርዱ ጨካኝ ነው፣ የበቀልም ሽታ አለው። ቢሆንም የፈረደ ዙፋን ነበር፤ ጥፋቱም በአጥፊዎቹ ላይ ቆመ።

በ1761 ዓ.ም. ያ ዙፋን አልነበረም። ራስ ሚካኤል ከወህኒ አምባ አዛውንቱን ዮሐንስን አውርደው አነገሡ። ሽማግሌው ወደ ጦርነት አልዘምትም ሲሉ በመርዝ ተገደሉ፣ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ተተካ። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ሦስት ነገሥታት ማለት ነው። ራስ ሚካኤል በ1763 ዓ.ም. ሰርባኩሳ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። የተሸነፉት ግን ኃይል ስላነሳቸው እንጂ ስለ ንጉሡ ደም ተጠይቀው አይደለም። ጥቂት ጊዜ ታስረው ተለቀቁ፣ ወደ ትግራይ ተመልሰውም እስኪሞቱ ገዙ። የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንትን ከዚህ ግድያ የሚቆጥሩት በከንቱ አይደለም። ንጉሥ ገድሎ አለመጠየቅ እንደሚቻል መኳንንቱ ሁሉ አየ። ይህ የተዘጋው ከ86 ዓመት በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. በቴዎድሮስ ዘውድ ነው።

የወገራና የዳባት ደገኛ ይህን ነገር ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ገዳይ ፍርድ ካላገኘ ደም መላሽ ወንድሙን ይፈልጋል፤ ወንድም ከሌለ የአጎት ልጅ አለ። ሽማግሌ ገብቶ ደም የሚያደርቀው ጥፋቱ ከሰውየው አልፎ ወደ ዘሩ እንዳይወርድ ነው። የኢዮአስ ደም ግን አልደረቀም። ዛሬም የንጉሡ እናት ከየት ወገን እንደሆነች፣ ራሱ ከየት እንደመጡ እየተቆጠረ፣ የአንድ ሰው ትእዛዝ የሕዝብ ሁሉ ክስ ሆኖ ሲቀርብ ይሰማል።

ይህን ግድያ በልብወለድ የሚጽፍ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ ደራሲዎች የአማርኛን አንባቢ ፍንጭ መከተል አስለምደውታል። የጎንደሩ ፍንጭ ግን ወደ ገዳዩ አይመራም፣ እሱ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። የሚመራው ቁስቋም ወደተቀመጡት አያት ነው። እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን ደም አቤት የሚሉበት ዙፋን ጥቂት ርቀት ላይ፣ ግንቡ ውስጥ ነበር። በዚያ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ ያነገሡት ግን ገዳዩ ራሳቸው ናቸው።