በሣጥን የቀረ ብር

ባለፈው በጋ ከቡሬ ወጣ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ አንድ አዛውንት አርሶ አደር በጨርቅ የተጠቀለለ የወረቀት ገንዘብ ከሣጥን አውጥተው «ልጄ፣ ይህ የጥንት የአሜሪካ ዶላር ነው የሚባለው እውነት ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከፍኖተ ሰላም የመጣ ደላላ ሚሊዮን እንደሚያወጣ ነግሯቸው፣ ለማሻሻጫው ግን አስቀድመው ገንዘብ እንዲሰጡት ጠይቋቸው ኖሯል።

ውድ አንባብያን፣ ደላላው ውሸቱን የሸመነው በእውነት ድር ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የወረቀት ገንዘብ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። ያተመው የአሜሪካው ሴኩሪቲ ባንክኖት ኩባንያ ነው፤ ከፈረሙበት የባንኩ ገዥዎች አንዱ ጆርጅ ብሎወርስም አሜሪካዊ ነበሩ። ለሃምሳ ሳንቲሙ መሥሪያ የሚሆነውን የብር ማዕድን ያበደረችውም አሜሪካ ናት። ሆኖም በአማርኛው «ብር» ይላል፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ምስል ጎን በበሬ የሚያርስ ገበሬ ተሥሎበታል። ገንዘቡ የእኛው ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ሰብሳቢዎች የሚያዩት መደቡን፣ የፈራሚውን ማንነትና የወረቀቱን ይዞታ ነው። ያልታጠፈ ባለ አምስት መቶ ብር ብርቅ ነው፤ እጅ በእጅ ሲዞር ያረጀ ባለ አንድ ብር ግን ብዙ አያወጣም። አጥቦ ወይም ተኩሶ ማሳመር ደግሞ የነበረውንም ዋጋ ያጠፋል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ስለ ምን በሣጥን ቀረ የሚለው ነው። የጎጃም ገበሬ ለዘመናት ያመነው ማርትሬዛን ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱም የዘመቻው ወጪ ይከፈል የነበረው በእርሷ ነበር። ወረቀቱን ገና ሲለምድ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ ዐመፀ፤ መልሱም የአውሮፕላን ቦምብ ሆነ። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ ገንዘቡን ለወጠ። የእኒህ አዛውንት አባት ወሬው ሲደርሳቸው ቀኑ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. ገንዘብ ተለውጧል። የለውጡ ምክንያት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የጊዜ ገደቡ ሲቆረጥ ግን ባንክ በሌለበት ቀበሌ የሚኖረው ገበሬ መታሰብ አለበት። መንግሥት የፈረመበት ወረቀት ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳኑ ሲሻር ደግሞ ዐዋጁ እስከ ገበያውና እስከ ደጀ ሰላሙ ሊዘልቅ ይገባል።

አዛውንቱን «አባቴ፣ ለደላላው ምንም አይስጡ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «አባቴ በዚህ በሬ ሊገዛ ነበር» አሉና መልሰው ጠቀለሉት።