ሮኬቱ ከመሬት ሳይነሳ፦ የሞተር ሙከራና የሠራተኛው ሕይወት

ስለ ጠፈር ጉዞ አደጋ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሰማይ ላይ የደረሰውን ነው። ቻሌንጀር በ1986፣ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2003 ከነተሳፋሪዎቻቸው ሲጠፉ ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቶ አዝኗል። ይሁን እንጂ በሮኬት ታሪክ ውስጥ ካሜራ እምብዛም ያልደረሰበት፣ የሟቾቹም ስም ብዙ የማይነሳ ሌላ አደጋ አለ። እርሱም ሞተሩ ለበረራ ከመብቃቱ በፊት በሚፈተሽበት ሜዳ ላይ የሚደርሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለሲያትልና ለአካባቢዋ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከአፖሎ 15 እስከ አፖሎ 17 ጨረቃ ላይ የተነዱትን ተሽከርካሪዎች ቦይንግ የሠራው እዚሁ ኬንት ውስጥ ነበር። በ2004 የግል ገንዘብ ብቻ ወጥቶበት ሰው ይዞ ወደ ጠፈር የደረሰውን ስፔስሺፕዋን የተባለ መንኮራኩር በገንዘብ የደገፈው የሲያትል ተወላጁና ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የነበረው ፖል አለን ነው። ጄፍ ቤዞስ በ2000 ያቋቋመው ብሉ ኦሪጅን ዋና መሥሪያ ቤቱ ኬንት ነው። በ2019 የተቋቋመው ስቶክ ስፔስም መቀመጫው እዚያው ሲሆን፣ ሞተሮቹን የሚፈትሸው ከተራራው ማዶ በሞዝስ ሌክ ነው።

ኬንት ደግሞ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ናት። የቤት ኪራይ ከሲያትል ከተማ ወደ ደቡብ የገፋው ወገን ቤቱን፣ ሱቁንና ቤተ ክርስቲያኑን ይዞ ወደዚያው ሸለቆ ወርዷል። ልጆቻችን ምሕንድስና ተምረው፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ብየዳና የማሽን ሥራ ሠልጥነው እነዚህን ፋብሪካዎች ማንኳኳታቸው አይቀርም። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ሥራው ያለፈበትን መንገድ አውቆ መግባት ሳያውቁ ከመግባት ይሻላልና፣ ታሪኩን በአጭሩ እንቃኘዋለን።

ሞተሩ ለምን መሬት ላይ ይፈተሻል?

የአውሮፕላን ሞተር ነዳጁን የሚያነደው ከአየር በሚስበው ኦክሲጅን ነው። ሮኬት ግን አየር ወደሌለበት ስለሚሄድ ነዳጁንም ኦክሲጅኑንም ተሸክሞ ይነሳል። ኦክሲጅኑ በብዛት እንዲያዝ ፈሳሽ መሆን ስላለበት ከዜሮ በታች ወደ 183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በአንድ ወገን ይህን የመሰለ ብርድ፣ በሌላ ወገን ብረት የሚያቀልጥ እሳት አለ። በመካከላቸው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ፓምፖች ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ሞተር ውስጥ ተጨናንቆ የሚሠራ ነው። ብሉ ኦሪጅን የሠራው ቢኢ-4 የተባለው ሞተር የተነደፈው 550,000 ፓውንድ ያህል ኃይል እንዲያመነጭ ነው።

እንዲህ ያለው ሞተር ሳይፈተሽ ሰውና ዕቃ ሊጫንበት አይችልም። ስለዚህ በብረትና በሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ታስሮ ይሞከራል። ሙከራውም ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ቧንቧዎቹና ጋኖቹ ግፊት ይችሉ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ እሳት ሳይለኮስ ፈሳሹ ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይህን ባለሙያዎቹ “ቀዝቃዛ ሙከራ” ይሉታል። በመጨረሻ ሞተሩ ይለኮሳል። ማንም ሰው ቢጠየቅ አደገኛው የመጨረሻው ነው እንደሚል አያጠራጥርም። ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው።

ከሜዳው አጠገብ የቆሙት

የግል ሮኬት ሥራ የዛሬ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የመጀመሪያውን ሮኬት ማርች 16 ቀን 1926 በማሳቹሴትስ ግዛት በዘመዱ እርሻ ላይ አስነሳ። ሮኬቱ ወደ 41 ጫማ ከፍ ብሎ በሁለት ሰከንድ ተኩል ወደቀ። በ1929 ያደረገው ሌላ ሙከራ ግን ጎረቤቱን ሁሉ ስላስደነገጠ የግዛቱ የእሳት አደጋ ሹም ከለከሉት። ጎዳርድም ከአንድ ባለሀብት ቤተሰብ ባገኘው ገንዘብ በ1930 ሰው ወደማይበዛበት ወደ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ሄደ። በዚያን ጊዜ የተማረረበት ክልከላ በኋላ የሙያው ሕግ ሆነ፤ ሮኬት የሚፈተሸው ከሰው ርቆ ነው።

በጀርመን የነበረው ኦስትሪያዊው ማክስ ቫሊየር ይህን ያህል ዕድል አላገኘም። ቫሊየር ከመንግሥት ሳይሆን ከግል ኩባንያዎች ድጋፍ እያገኘ በሮኬት የሚነዳ አውቶሞቢል የሠራ ሰው ነበር። ሜይ 17 ቀን 1930 በርሊን ውስጥ ፈሳሽ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር አጠገቡ ቆሞ ሲሞክር ሞተሩ ፈነዳ፤ የብረት ስባሪ ደረቱን መትቶ ገደለው። ዕድሜው 35 ነበር። በሮኬት ዘመን ሕይወታቸውን ከከፈሉት መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

መንግሥታት ሥራውን ሲረከቡትም ርቀትን የናቀ አልዳነም። ኦክቶበር 24 ቀን 1960 በሶቪየት ኅብረት በባይኮኑር አንድ ሚሳይል ነዳጅ ተሞልቶ ሳለ ጥገና ይደረግለት ነበር። የሥራው የበላይ የነበሩት ማርሻል ሚትሮፋን ኔዴሊን ሥራው እንዲፋጠን ብለው ከሚሳይሉ አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። አለቃው እዚያ ተቀምጦ ማን ሊርቅ ይችላል? የሁለተኛው ክፍል ሞተር ሳይታሰብ ተለኮሰና ማርሻሉን ጨምሮ ከሰባ በላይ ሰዎች አለቁ። ሶቪየት ኅብረት ይህን እስከ 1989 ድረስ ደብቃው ቆየች።

“አሁን አደጋ የለውም” በተባለበት ሰዓት

በአሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ማርች 19 ቀን 1981 ኮሎምቢያ ለመጀመሪያ በረራዋ ስትዘጋጅ የልምምድ ቆጠራ ተደርጎ ነበር። ቆጠራው በሰላም አለቀ፤ ሠራተኞችም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተፈቀደ። የመንኮራኩሯ የኋላ ክፍል ግን እሳት እንዳይነሳ ተብሎ በናይትሮጅን ተሞልቶ ነበር። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ኦክሲጅኑን ግን ያባርራል። ወደ ውስጥ የገቡት ሠራተኞች አንድ በአንድ ወደቁ፤ ከመካከላቸውም ሞቱ። ሟቾቹ የናሳ ሳይሆኑ የተቋራጩ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ።

ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛ የሆነው አደጋ የደረሰው ግን ጁላይ 26 ቀን 2007 በካሊፎርኒያ በሞሃቪ በረሃ ነው። ስኬልድ ኮምፖዚትስ የተባለው ኩባንያ በፖል አለን ገንዘብ የሠራው ስፔስሺፕዋን በ2004 የ10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ካሸነፈ በኋላ፣ ለቨርጂን ጋላክቲክ መንገደኛ የሚጭን ትልቅ መንኮራኩር መሥራት ጀምሮ ነበር። ሞተሩ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይጠቀማል። ይህ ጋዝ የጥርስ ሐኪም ለማደንዘዣ የሚሰጠው ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው እንደ ሌሎቹ የሮኬት ኬሚካሎች አይፈራም ነበር።

በዚያን ቀን የተደረገው ሙከራ ቀዝቃዛ ሙከራ ነበር። እሳት አልነበረም፤ ነዳጅም አልነበረም። ጋዙ በማስተላለፊያው በኩል ለጥቂት ሰከንዶች እንዲፈስ ብቻ ነበር የታሰበው። ስለዚህም ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከሽቦ አጥር ጀርባ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ጋዙ መፍሰስ እንደጀመረ ጋኑ ፈነዳ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ሦስት በጽኑ ቆሰሉ። ናይትረስ ኦክሳይድ በብዛት ተከማችቶ ሲሞቅና ሲታመቅ ነዳጅ ሳይጨመርበት በራሱ ተበታትኖ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ነው። የካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣናት ባደረጉት ምርመራ ኩባንያው ስለ ጋዙ አደጋ ለሠራተኞቹ በቂ ትምህርት አልሰጠም ብለው በ2008 25,870 ዶላር ቀጡት። የሦስት ሰው ሕይወት ላለፈበት አደጋ የተከፈለው ቅጣት የአንድ መካከለኛ አውቶሞቢል ዋጋ ነው ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሆነ።

ይህም አላበቃም። በጃንዋሪ 2022 በካሊፎርኒያ የስፔስ ኤክስ ፋብሪካ ውስጥ አንድ የሮኬት ሞተር በግፊት ሲፈተሽ ሽፋኑ ተላቆ የአንድ ሠራተኛ ራስ ቅል ሰበረ። በዚህም የተለኮሰ እሳት አልነበረም። የካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የጣለው ቅጣት 18,475 ዶላር ነበር። ሮይተርስ በኖቬምበር 2023 ባወጣው ምርመራ በዚሁ ኩባንያ ከ2014 ወዲህ ለሕዝብ ያልተነገሩ ቢያንስ 600 የሥራ ላይ ጉዳቶችን ቆጥሯል።

ሰው ያልሞተባቸው ፍንዳታዎች

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንመልከት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 በኬፕ ካናቬራል የስፔስ ኤክስ ሮኬት ለሞተር ሙከራ ነዳጅ ሲሞላ ፈንድቶ በላዩ የነበረውን የእስራኤል ሳተላይት ይዞ ወደመ። ኤፕሪል 20 ቀን 2019 የዚሁ ኩባንያ ሰው የሚጭን መንኮራኩር በሙከራ ላይ ተበታተነ። ጁን 30 ቀን 2023 የብሉ ኦሪጅን ቢኢ-4 ሞተር በምዕራብ ቴክሳስ ከተለኮሰ 10 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ፈነዳ። ጁን 18 ቀን 2025 ስታርሺፕ የተባለው ግዙፍ መንኮራኩር በደቡብ ቴክሳስ ለሞተር ሙከራ ሲዘጋጅ ሰማዩን አብርቶ ጋየ።

በእነዚህ በአራቱም አንድ ሰው እንኳ አልተጎዳም። ለምን? ሞተሩ ስለተሻለ አይደለም፤ ሞተሩማ ፈንድቷል። አደጋ ሊኖር ይችላል ተብሎ አስቀድሞ ስለታመነ ሜዳው ከሰው ነፃ ተደርጎ ነበር። ሙከራውን የሚመሩት ሰዎች በሩቅ ሆነው በካሜራና በኮምፒዩተር ይከታተሉ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ይሆናል። ትልቁ እሳት ሰው አልገደለም፤ ምክንያቱም ተፈርቶ ነበር። የገደለው “ይሄ ምንም አይደለም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግፊት ብቻ ነው፣ ቆጠራው አልቋል” የተባለው ነው። በሮኬት ሥራ እስካሁን ከተገኙት የደኅንነት መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ርቀት ነው። ርቀት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ውድድሩ በበረታ ቁጥር መጀመሪያ የምታጥረው ያቺው ርቀት ናት።

ለእኛስ ምን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ማንሳት ያስፈልጋል። ለንግድ ሮኬቶች የበረራ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ዋና ኃላፊነቱ ከሥራው ውጭ ያለውን ሕዝብ ከጉዳት መጠበቅ ነው። በፋብሪካውና በሙከራ ሜዳው ውስጥ ያለው ሠራተኛ የሚጠበቀው እንደ ማንኛውም ፋብሪካ ሠራተኛ በሥራ ደኅንነት ሕግ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ከ1973 ጀምሮ የራሷ የሥራ ደኅንነት ሕግ አላት፤ የሚያስፈጽመውም የግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። አሠሪ ስለ አደጋው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ የማስተማር ግዴታ አለበት። አደጋ አለ ብሎ ያመለከተን ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ማባረርም ሆነ መቅጣት ክልክል ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ስልክ የሚደውል ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

የእኛ ሰው በባህሉ አለቃን መጠየቅ ይከብደዋል። በተለይ ለሥራው አዲስ የሆነና እንግሊዝኛው ያልጠነከረለት ሰው “እንዳላወቀ ይቆጥሩኛል” ብሎ ዝም ይላል። በሞሃቪ አጥር ጀርባ የቆሙት ግን ቋንቋ ያልቸገራቸው፣ ሙያቸውን የሚወዱ ባለሙያዎች ነበሩ። ጋዙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሚገባ አልተነገራቸውም፤ ቀዝቃዛ ሙከራ ነውና የሚያስፈራም አልመሰለም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ጥያቄ መጠየቅ የአላዋቂነት ምልክት ሊሆን አይችልም። በጋኑ ውስጥ ያለው ምንድነው? ከግፊት በታች ነው ወይስ ተለቋል? ሙከራው ሲጀመር እኔ የምቆመው የት ነው? እነዚህን ሦስት ነገሮች መሐንዲሱም፣ በያጁም፣ ሌሊት ወለል የሚያጸዳውም እኩል ሊጠይቅ ይገባዋል።

በሲያትል ሙዚየም ኦፍ ፍላይት ብሉ ኦሪጅን በ2005 ሞዝስ ሌክ ላይ ያስነሳው ካሮን የተባለው የመጀመሪያው የሙከራ ተሽከርካሪ ቆሞ ይታያል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ትወዱታላችሁ፤ ከእነርሱ መካከል ነገ የተሻለውን የሚሠራ ይኖር ይሆናል። ስለ በረራው ስትነግሯቸው ስለ ሙከራው ሜዳም ንገሯቸው። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለጎጆ ቤት እሳት ነበር፤ ለሮኬትም ይሠራል።