የእንዶድ አረፋ በሆለታ ወንዝ ዳር

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውና ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያሠሩባት ሆለታ፣ የፋብሪካ ሳሙና ለየቤቱ ከመዳረሱ አስቀድሞ፣ እንደ ሌላው የሸዋ ደጋ ሁሉ አልባሳቷን ታነጻ የነበረው፣ ኦሮሞው «ሃንዶዴ» በሚለው በእንዶድ ተክል ፍሬ ነበር።

እናቶቻችን ፍሬውን ገና በጥሬነቱ ለቅመው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በሙቀጫ ወቅጠውና በውኃ ዘፍዝፈው አረፋውን ካስነሡ በኋላ፣ ነጠላውንና ጋቢውን በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ በእግራቸው እየረገጡ ያጥቡ ነበር፤ የራስ ቅቤ የጠጣውን የነጠላ ጠርዝና ወጥ የነካውን ስፍራ ግን ለይተው፣ ወፍራሙን እንዶድ ቀብተው፣ እስኪለቅ ድረስ በእጃቸው ያሹት ነበር። የፍሬው ምሥጢር ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እርሱም ቅባትን ከውኃ ጋር አስማምቶ ከጥጡ ያላቅቀዋል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚል ሕዝብ ዘንድ ጸአዳ ልብስ ለበዓል ክብር የሚቀርብ የንጽሕና ምልክት ስለ ሆነ፣ አጠባው ራሱ የሥርዓቱ መቅድም ነበር።

ይህ የእናቶች ጥበብ ለሳይንስም ብርሃን ሆኗል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላገኙ፣ ምርምራቸውን ከዚያ ጀመሩ። እንግዲህ በወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው የኖሩትን እናቶች በአክብሮት ልናስባቸው ይገባናል።