ኮማሪ፣ ሕግና በሽታ፦ የአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎች ታሪክ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ወታደሩ፣ ነጋዴውና ባለጉዳዩ ሚስቱን ባገሩ ትቶ ወደ ከተማዋ ሲጎርፍ፣ ከባላቸው የተፋቱ ወይም ያለ ዕድሜያቸው ተድረው የኮበለሉ ሴቶችም ተከትለው በመግባት ጠላ፣ ጠጅና አረቄ እየሸጡ መኖር ጀመሩ። ኮማሪ የምትባለው መጠጥ ሻጭ በጠባብ ክፍሏ ከፊት አግዳሚና ብርሌ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አልጋዋን ታኖር ስለነበር፣ የመጠጥ ንግድና ሴተኛ አዳሪነት በአንድ ጣሪያ ሥር አደጉ። የሴቶቹን አደጋ ያበዛውም ይኸው ነው፤ የሰከረ ደንበኛ ዱላውንም በሽታውንም ይዞ ሲመጣ እምቢ የማለት አቅማቸው እጅግ ያነሰ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሴተኛ አዳሪዎች በሐኪም ቁጥጥር ሥር እንዲውሉ የተደረገው ወታደሩን ከቂጥኝና ከጨብጥ ለመጠበቅ እንጂ ለእነሱ ጤና ታስቦ አልነበረም፤ ሴቲቱን የበሽታ ምንጭ ብቻ አድርጎ የማየቱ አመለካከትም ከወራሪው ጋር አብሮ አልወጣም። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነበር፤ ባል ከከተማ ይዞት የተመለሰው ጨብጥ ሳይታከም ወደ ማሕፀን ቱቦ ሲዘልቅ ሚስትን መካን ሊያደርጋት ይችላል፣ ልጅ አልወለደችም ተብላ የተፈታችውም ሴት መጠጊያ ፍለጋ ወደዚያው ከተማ ትገባለች። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ልብ ወለድ «ሌቱም አይነጋልኝ» የሚተርክለት የአዲስ አበባ ሰፈር ውቤ በረሃ በመዝናኛነቱ ሲወሳ፣ ይህ ዓይነቱ የሴቶች ታሪክ እምብዛም አይነሣም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሴቶች ገላ የሚነግደውን አቃጣሪ ሲቀጣ ሴተኛ አዳሪነትን ራሱን አልከለከለም፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። አለመከልከል ግን ከለላ መስጠት አይደለም፤ ተደብድባ ወይም ተደፍራ ለፖሊስ ማመልከት የምትሻ ሴት ስለ አጥቂዋ ሳይሆን ስለ ራሷ ኑሮ እንዳትጠየቅ ትሰጋለች፣ ስለዚህም ብዙው ጥቃት ከመዝገብ ውጭ ቀርቷል።

ኤድስ በዚህ መሐል ነው የደረሰው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ታወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ በተጠኑ ሴተኛ አዳሪዎች ዘንድ ደግሞ ቫይረሱ የተገኘባቸው 73.7 በመቶ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ኮንዶም በየቡና ቤቱ ቢዳረስም፣ ያለ ኮንዶም ካልሆነ ብሎ ጭማሪ ገንዘብ የሚያቀርብ፣ ሲከለከል የሚማታ፣ አለዚያም በመሐል ሆን ብሎ የሚያወልቅ ደንበኛ አልጠፋም፤ የዕለት የአልጋ ኪራይ ያልሞላላት ሴትም በዚህ ሰው ፊት ምርጫዋ ጠባብ ነው።