የወሎ ረኃብና ያልተቋጨው የአክሊሉ ክስ

ወሎ ስትራብ ማን ተጠየቀ? ይህን መካነ ሰላም ተቀምጬ ስጽፍ፣ በ1965 ዓ.ም. ሞት የበረታበት ምድር የእኛ የቦረና ደጋ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ክፉው ቀን የከበደው በምሥራቁ ወገን፣ በራያና ቆቦ፣ በየጁ፣ በአምባሰልና በቃሉ ላይ ነው። ይሁንና የዚያ ረኃብ ዕዳ የአንድን ጠቅላይ ሚኒስትር አንገት እስከ መያዝ ደርሷልና ታሪኩ የወሎዬ ሁሉ ነው።

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የቡልጋ ካህን ልጅ ነበሩ። በእስክንድርያ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ተማሩ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በዚያው በፓሪስ ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት በሳን ፍራንሲስኮ ሲመሠረት ከልዑካኑ አንዱ ነበሩ፤ ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀልም የዲፕሎማሲው ሸክም ያረፈው በእርሳቸው ትከሻ ላይ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1958 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከዙፋኑ አልወረደም።

ረኃቡ ሲገባ መንግሥት አላወቀም ማለት አይቻልም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በ1965 ዓ.ም. በግቢያቸው አሳይተዋል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ነው፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የሞቱን ያህል አልናረም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል ነበር። ከባንክ መስኮት ኋላ የምውል ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ይገባኛል፤ ገበሬው ያጣው እህሉን ብቻ ሳይሆን መግዣውንም ጭምር ነበር። ይህን ማየት የማን ሥራ ነበር? የሚኒስትሮቹ አልነበረምን?

የ1966ቱ የካቲት መጣ። ወታደሩ አመፀ፣ መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አክሊሉና ካቢኔያቸው በየካቲት 20 ሥልጣን ለቀቁ። ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ተተኩ። በሚያዝያ አክሊሉ ታሰሩ፤ በሰኔ ደግሞ ዐሥራ አምስት አባላት ያሉት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ ከያዛቸው ጉዳዮች ዋነኛው የወሎ ረኃብ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትር ተጠሪነቱ በዋናነት ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ስለዚህ «ስለ ምን ዝም አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከአክሊሉ አልፎ ከዙፋኑ ደጃፍ መድረሱ አይቀርም ነበር። አክሊሉም በእስር ሳሉ የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ ለኮሚሽኑ ጻፉ፤ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ኋላ ለንባብ የበቃው እርሱ ነው። በእኔ ግምት በአገራችን ባለሥልጣን ስለ ሕዝብ ረኃብ በሥርዓት መልስ ለመስጠት የዚያን ያህል የተቃረበበት ጊዜ የለም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ደርግ ስድሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። አክሊሉ፣ ወንድማቸው አካለ ወርቅ፣ የተኳቸው እንዳልካቸው፣ የወሎው እንደራሴ ደጃዝማች ሰሎሞን አብርሃም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ጥፋተኛ ነበሩ የሚል ይኖራል፤ እኔም ንጹሓን ነበሩ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ፍርዱን የተነፈጉት እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ በየመንገዱ ዳር የወደቀው ገበሬም ተነፍጓል፤ ጥይቱ ምስክርነቱን ይዞት ሄዷልና።

ዐሥር ዓመት አለፈ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ስታከብር ወሎ እንደገና ይራብ ነበር። ያን ጊዜ ደጋውም አልተረፈም፤ የሚጠይቅ ኮሚሽንም አልተቋቋመም።