ከኋላው ማን ተሰልፏል?

ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ በጭስ ሲታጠን እያየን ያደግን ብዙ ነን። ልማዱን የምናያይዘው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ነው። አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አለቀባት፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በዓለም ዙሪያ ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሰው ግን ቫይረሱ ብቻውን አልነበረም፤ ሳንባ ሲደክም ተከትሎ የገባ የባክቴሪያ ምች ነው።

እንዲህም ሆኖ ትንበያው ለረጅም ጊዜ አንዱን በሽታ ነጥሎ ሲያይ ኖሯል። የአሜሪካው ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎችን በትንበያ ማወዳደር ሲጀምር ጥያቄው ስለ ኢንፍሉዌንዛ ብቻ ነበር፦ መቼ ይጀምራል፣ መቼስ ይበረታል? ሌላው ቫይረስ ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

ፍንጩ ግን ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ2009 ፈረንሳይ ውስጥ ተራ ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ ሲስፋፋ አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ እንደተፈራው ቶሎ አልተዛመተም። አንዱ ሌላውን አዘግይቶት ይሆን? በ2019 የግላስጎው ተመራማሪዎች የዘጠኝ ዓመት፣ ከ44,000 በላይ ሕመሞች መዝገብ አገላብጠው ኢንፍሉዌንዛ ኤ ሲበዛ ራይኖቫይረስ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መኪና ኬላ ላይ ሲቆም ጭነቱ አይጠፋም፤ ወረፋው ይረዝማል እንጂ። ኢትዮጵያና ኬንያ የመጀመሪያ የኮቪድ ታማሚያቸውን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ካስታወቁ በኋላ ማላባ ላይ የተሰለፉትን ከባድ መኪኖች እናስታውሳለን። በዚያው ወቅት ሰው ቤት በመዋሉና አፍና አፍንጫውን በመሸፈኑ ኢንፍሉዌንዛ ከዓለም የጠፋ መስሎ ነበር። በኋላ ግን የተጠራቀመው አንድ ላይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን የሚያጠቃው አርኤስቪ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ተደራርበው የሕፃናት ሆስፒታሎችን አጣበቡ፤ በሽታውን ሳያውቁት የቆዩ ልጆች በዝተው ነበርና።

ቀብድ ከፍለን ዕቃ የምናዝዝ፣ ልጆቻችንን ለአያት ትተን የምንወጣ ሰዎች «ኮቪድ ቀንሷል» ስለተባለ ብቻ መንገድ መጀመር አንችልም። ከኋላው ማን እንደተሰለፈም ማወቅ አለብን። ለዚህ ደግሞ የግላስጎው ቀመር እንዳለ አይሆነንም። ከምድር ወገብ አጠገብ ኢንፍሉዌንዛ የፈረንጅ ክረምት አይጠብቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ከዚሁ ከሞያሌ፣ ከናይሮቢና ከአዲስ አበባ ጤና ተቋማት መሰብሰብ አለበት፤ ከአንድ አፍንጫ በተወሰደ ናሙና ብዙ ቫይረሶችን በአንዴ የሚለይ ምርመራ እንደሆነ ዛሬ አለ።