በዝግ አገር አባል መሆን፤ ሜኖናይቶችና የሰሜን ሸዋ ሰው

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጠራው በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ነው። እኒህ ሰው ጠላት ሸዋን በያዘ ጊዜ ቀድመው ከተነሡት አርበኞች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1930 ዓ.ም. በጎርፎ ጦር ሜዳ ወድቀዋል። ከነፃነት በኋላ በናዝሬት የተቋቋመው ሆስፒታልም ለመታሰቢያቸው በስማቸው ተሰይሞ ነበር። የሆስፒታሉ ሠሪዎችና ሐኪሞች ግን ጦር መሣሪያ ማንሣትን በሃይማኖታቸው የሚከለክሉ አሜሪካውያን ሜኖናይቶች ነበሩ። በዘመኑ በዚህ ነገር የተደነቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ሕዝቡ የፈለገው መድኃኒት ነበርና።

ሜኖናይቶች መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1525 በዙሪክ የተጀመረው የዳግም አጥማቂዎች እንቅስቃሴ ነው። ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1536 ክህነቱን ከተወው ከሆላንዳዊው ሜኖ ሲሞንስ ነው። በእነርሱ ዘንድ ሰው የቤተ ክርስቲያን አባል የሚሆነው በመወለድ ሳይሆን፣ አውቆና አምኖ ሲጠመቅ ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት በሸዋ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት የአገሩን ልማድ ማሰብ ያስፈልጋል። የአንኮበር ወይም የደብረ ብርሃን ልጅ ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ተጠምቆ፣ ማተብ ታስሮለት ያድጋል። ጉልማሳ ሆኖ እንደ ገና ቢጠመቅ ግን፣ የወላጆቹን ጥምቀት ከንቱ እንዳደረገ ይቈጠርበታል። የንስሐ አባቱን፣ የጽዋ ማኅበሩንና የሰንበቴውን ጠበል ጸዲቅ ያጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመቃብሩ ጉዳይ ነው። ቀብር በደብሩ ቅጥር ግቢ በመሆኑ፣ ከአጥቢያው የተለየ ሰው ከአባቶቹ አጠገብ የሚያርፍበት ስፍራ አልነበረውም። የአባልነት ዋጋ የሚለካው እንግዲህ በዚህ ነበር።

ሕጉም በር አልከፈተም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የሚወስነው ድንጋጌ ቁጥር 3፣ አገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ለያት። በመጀመሪያው ክልል ሚሲዮን ሆስፒታልና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት ማቋቋም ቢችልም፣ ሰው ከሃይማኖቱ እንዲያወጣ አልተፈቀደለትም። አንኮበር ከዚህ ቀደም ብሎም የውጭ ሰባኪን ታውቃለች፤ ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት መጥቶ እስከ 1834 ዓ.ም. ቢቈይም፣ ንጉሡ ከስብከቱ ይልቅ የእጅ ጥበብንና መሣሪያን ይሹ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሜኖናይቶች የሚያደርሰው መንገድ ከደጋው ወርዶ በናዝሬት በኩል ያለፈ ነው። ከልዩ ልዩ አገር ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ ሕክምና የሻ ወይም ድሬሰርነት የተማረ ወጣት ከእነርሱ ጋር የሚገናኘው በዚያ ነበር። ናዝሬትም ራሷ ዝግ ክልል ስለ ነበረች፣ በሰኔ 1943 ዓ.ም. ከዚያ የመጡ አሥር አማኞች የተጠመቁት በአዲስ አበባ ነው። በሥራው ባልደረቦቻችን የሆኑት የሆስፒታል ሠራተኞች በዚህ ታሪክ ያላቸው ድርሻ በሙያችን መጻሕፍት ብዙም አለመነሣቱ ያሳዝነኛል። ከዚያም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማኅበረ ምእመናኑ መሠረተ ክርስቶስ በሚል ስም በኢትዮጵያውያን አመራር መተዳደር ጀመረ።

ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቈይተዋል። ከዚያ በኋላ አባል መሆን መልኩን ለወጠ። መዝገብና አዳራሽ ስለሌሉ፣ አዲስ ሰው የሚገባው በሚታመን ሰው ዋስትና ሆነ። ጥቂት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ዝማሬ ዝቅ ይላል፤ ጥምቀት በስውር ይፈጸማል። ሴቶችም በየቤታቸው ጉባኤ በማስተናገድና በማስተማር ትልቅ ሸክም ተሸከሙ። በተዘጋ ጊዜ 5 ሺህ ያህል የነበሩት አባሎች፣ በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ30 ሺህ በልጠው ተገኙ። ከእንግዲህ ወዲህ መዝሙሩ በአደባባይ ይሰማ ጀመር። በየከተማው የነበሩት ምእመናን ከመስተዳድሩ በመጀመሪያ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱም የመቃብር ቦታ ነበር።